የተሰቀለው ታኮ

ሰውአገኝ የሞተው በገዛ የመውቂያ ማሽኑ ሥር ነው። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ አውድማው ዳር በጀርባው ተዘርግቶ አገኙት፤ የማሽኑ የኋላ ጎማ ደረቱ ላይ ቆሟል። ኡኡታቸው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ያለችውን መንደር አሰባሰበ። ጎልማሶቹ ማሽኑን ሊያነሡ ሲረባረቡ ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው ከለከሉ።

«ነፍሱ ወጥታለች፤ አትንኩት። መጀመሪያ ሕግ መጥቶ ይየው።»

የሰው ሁሉ አፍ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፦ ለብቻው ሲጭን አንሸራትቶበት ነው። ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይላል? የማሽኑ ጎማዎች ትናንሽና ያለቁ ስለሆኑ በመኪና መንገድ አይጎተትም፤ ከአንዱ አውድማ ወደ ሌላው በትንሽ ተሳቢ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ሰውአገኝ ደግሞ ያን ሁሉ ብረት የሚጭነው ለብቻው ነበር። ቤተሰብ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ለብቻው ሲጀምር አንድ የሚቆጣው ሽማግሌ እንኳ መጥፋቱ ያሳዝናል።

ኢንስፔክተር ወንጌላዊት ከጎንደር ስትደርስ የወገራ ጉም ገና አልተገፈፈም ነበር። አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ከጆሮ ግንዷ በላይ መሸበት የጀመረ ሴት ናት። ወደ ሬሳው አልሄደችም። አንገቷን በፎጣ እንደጠመጠመች በመጀመሪያ ተሳቢዋን ዞረቻት።

«ኪዳነወልድ» አለች አብሯት የመጣውን ኮንስታብል፣ «የምታየውን ንገረኝ። የምታስበውን አይደለም።»

«ተሳቢዋ ከፒክአፑ ጋር እንደተያያዘች ናት። ከጭራዋ ሥር ግንድ ተደግፏል።»

«ግንዱ ለምን?»

«ጎማዋ ከመሐል ብቻ ነዋ። ክብደቱ ከኋላ ሲወጣባት ጭራዋ ቁጭ ብላ አፍንጫዋ እንዳይነሣ ነው።»

«እንግዲያው የቸኮለ ሰው አይደለም። ቀጥል።»

«ሁለት ወፍራም ሳንቃ መወጣጫ ሆኗል። ማሽኑ እኩሌታውን ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ከተሳቢዋ ፊት፣ ከአፍንጫዋ ላይ፣ ገመድ እየጠቀለለ ሸክም የሚስብ የእጅ ዊንች አለ። የሽቦ ገመዱ ከማሽኑ ሳይፈታ እስከ መጨረሻው ተተርትሯል።»

«ተበጥሶ?»

«ኧረ አልተበጠሰም፤ ደህና ነው።»

ወንጌላዊት ዊንቹ ላይ ጎንበስ አለች። የዊንቹን ጥርስ ነክሳ ወደ ኋላ እንዳይዞር የምትይዘው ብረት፣ ሾፌሮች ምላስ የሚሏት፣ ወደ ላይ ተነሥታለች። እጀታውን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ በግራሶ ጠቆረ። ከዚያ በተሳቢዋ ጎን ምስማር ላይ ዓይኗ አረፈ። አጫጭር ገመድ ያላቸው ሁለት የእንጨት ሽብልቆች ገመዳቸው በወግ ተጠቅልሎ ተሰቅለዋል።

«ይህ ምንድን ነው?»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ረጅም ሽማግሌ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ታኮ ነው እመቤቴ። ሰውአገኝ ለብቻው ሲጭን ከማሽኑ ጎማ ኋላ ያስራቸዋል። ጎማው በወጣ ቁጥር እየተጎተቱ ይከተሉታል፤ ወደ ኋላ ልሂድ ያለ እንደሆነ ከሥሩ ገብተው ይይዙታል።»

«ዛሬ ግን እንደተሰቀሉ ናቸው።»

«የሞት ቀን ሲደርስ ምን ይደረጋል!» ሽማግሌው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «ብቻህን አትጫን ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም።»

ነጋ ይባላል፤ የሟቹ አበልጅ ነው። የሰውአገኝን ወንድ ልጅ አስናቀውን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ወንጌላዊት ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። ግንባሩ የፀሐይ ጥቁር ነው፤ አገጩና ጉንጩ ግን ለብዙ ጊዜ ብርሃን እንዳላየ ገላ ነጣ ብሏል።

ከዚያ ወደ ሬሳው ቀረበች። ከቀኝ እጁ አጠገብ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ወድቋል። መዳፉን ገልብጣ አየችው። የድንጋይ አቧራ አለበት። ግራሶ የሚባል ነገር የለበትም።

ማሽኑ ተነሥቶ ሬሳው ከተገነዘ በኋላ የሟች ሚስት ሐረገወይንና ልጇ አስናቀው ደረሱ። ጎንደር ከተማ ያለች ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ሄደው ነበር፤ የደስታ ቤት ውለው ወደ ለቅሶ ቤት ገቡ። ሐረገወይን አልጮኸችም። የባሏን እጅ ከግንዘቱ አወጣች፣ መዳፉን ገልብጣ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ነው እሪ ያለችው። ወንጌላዊት ይህን ልብ አለች፤ ትርጉሙን ግን ያን ጊዜ አላገኘችውም።

አስናቀው ጢሙ ገና ያቀነቀነ ጎረምሳ ነው። አላለቀሰም።

«ማሩ ነው!» አለ።

«ምን አየህ?»

«ምን ማየት ያሻል? አጎቴ የማሩን ወንድም ገደለ። ሽማግሌ ገባ፣ በሬ ታረደ፣ መሐላ ተማለ። የማሩ ልብ ግን መቼ ታረቀ? አባቴን በማሽን አስመስሎ በላው!»

«ማሩ ልጆች አሉት አስናቀው» አሉ ቄሱ።

«እኔስ አባት አልነበረኝም?»

ነጋ ክንዱን ያዘው። «ተው ልጄ፣ ብቻውን ነበር። የእግዜር ቁጣ ነው፤ ሰው የለበትም።»

«አንተ ደግ ስለሆንክ ሰው ሁሉ ደግ ይመስልሃል፣ አባባ ነጋ!» አስናቀው እጁን መነጨቀ።

ወንጌላዊት ከትከሻው ላይ ያለውን ጠመንጃ ልትወስድበት ትችል ነበር። ግን ከአጎቱ ልጅ ሌላ እንደሚያገኝ አላጣችውም። የተቆጣ ጎረምሳ እጅ ባዶ አይውልም፤ መያዝ የሚቻለው ቃሉን ነው።

«እስከ ሳልስቱ ስጠኝ» አለችው። «በሳልስቱ ገዳዩን በስሙ እጠራልሃለሁ።»

አስናቀው ወደ ሬሳው ዞረ። «እስከ ሳልስቱ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ግን በአባቴ አጥንት እምላለሁ፣ ማሩን ማንም አያድነውም።»

*

ማሩ በራፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጠመንጃው ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ከኋላው ሕፃናት አንገታቸውን እያሰገጉ ያያሉ።

«ግቢ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አለ ሳይነሣ። «ልታስሪኝ ነው የመጣሽው ወይስ ልታስቀብሪኝ?»

«ልጠይቅዎት ነው አያ ማሩ። ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?»

«መደቤ ላይ። ምስክሬ ሚስቴ ናት። እሷን አታምኛት፤ ታዲያ ምን ያደክምሻል?»

«ሰውአገኝን ይጠሉት ነበር?»

«እጠላው ነበር እንጂ! ታርቄም እጠላው ነበር። ግን ስሚኝ አንች ሴት፤ እኔ ብገድለው ኖሮ ከዚያ ጋራ ላይ ወጥቼ ፎክሬ በነገርሁሽ። ደሙን የመለሰ ሰው ይደበቃል እንዴ? ተደብቄ ከገደልሁት የወንድሜ ደም መመለሱን ማን ያውቅልኛል? ደም በማሽን አይመለስም!»

«ለመጨረሻ ጊዜ የቀረቡት መቼ ነው?»

ማሩ ሳቀ። «ቀርቤውስ አላውቅ። በማኅበር እንኳ እሱ ከወዲያ ግድግዳ ነው፣ እኔ ከወዲህ። ጠላ ሲቀዳለት ዓይኑ ጽዋው ላይ አይደለም፣ እጄ ላይ ነው። አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ አያውቅም። ፈሪ አልነበረም፤ ደመኛ ያለው ሰው አኗኗሩ ነው።»

ስትወጣ ከኋላዋ ጮኸ። «ያን ጎረምሳ ንገሪልኝ! ከመጣ አባቱ ካለበት ነው የምልከው!»

ኮንስታብሉ መንገድ ላይ ወደ ማሩ ቤት ዘወር ብሎ አየ። «ይኸ ሰውዬ ገዳይ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው እመቤት?»

«ገዳይ ሊሆን ይችላል» አለች ወንጌላዊት። «የዚህኛው ግን አይደለም። ለምን እንደሆነ እሱ ራሱ ነገረን።»

*

በነጋ ቤት ያገኙት ጥቁር ከል የለበሰች ሴት ነበር። ሚስቱ ይመኙሽ ናት። ለለቅሶ ቤት የሚሄድ ንፍሮ ታዘጋጅ ነበር።

«ከሉ ለሰውአገኝ ነው?» አለች ወንጌላዊት።

«ለልጄ ነው። ለፋሲካዬ። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ልለውጠው አልቻልኩም።» ይመኙሽ መቀመጫ አበሰችላት። «ሐረገወይን ያን ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ከጎኔ አልተለየችም። እንባዬን በቀሚሷ እየጠረገች። አሁን ተራው የኔ ሆነ፤ ምን ዓይነት ዓለም ነው!»

ነጋ ከጓሮ ገባ። ፊቱ ለስላሳ ነው፤ ንግግሩም።

«ጢምዎን ተላጭተዋል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ትንሽ… ከብዶኝ ነበር።»

«ከብዶትስ ነበር!» አለች ይመኙሽ፣ ጠያቂዋ ስላዘነችላት ልቧ ተከፍቶ። «ፋሲካ ከሞተ ምላጭ አልነካውም። ቄሱ ቢገዝቱት፣ እኔ እግሩ ላይ ብወድቅ እምቢ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከከብቶቹ ተመለሰና በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሲላጭ ሳየው ተመስገን አልኩ። ልጄ፣ ሐዘኑ ወጣለት አልኩ። ገና ሳልጨርስ ነው የቄሱን ኡኡታ የሰማነው።»

ነጋ ሚስቱን አላያትም። ኢንስፔክተሯን ነበር የሚያያት።

«ሞቱን ሳይሰሙ ነው የተላጩት ማለት ነው» አለች ወንጌላዊት ረጋ ብላ።

«ብሰማማ እላጭ ነበር፣ እመቤቴ? ለአበልጄ ሞት?»

«እውነት ነው» አለች፤ ተነሣችም። ከበሩ ዘወር ብላ፣ «ፋሲካ በምን ሞተ?»

ይመኙሽ ንፍሮውን ማማሰል ተወች። የመለሰው ነጋ ነው። «በማሽን። በሥራ ላይ።»

*

ቄስ ወልደ ዮሐንስ የደጀ ሰላሙ ደፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«በዚያው ማሽን ነው ልጄ» አሉ። «ፋሲካ የሰውአገኝ ሠራተኛ ነበር። እንደ አስናቀው ቁመቱ የዘለቀ፣ የተመሰገነ ልጅ። አንድ ማለዳ ሰውአገኝ እየጮኸ መጣ። ስንደርስ ልጁ ከማሽኑ ሥር ነው።»

«ከማሽኑ ፊት ወይስ ከኋላ?»

«ከኋላ። ከሳንቃው ግርጌ። ልክ ሰውአገኝ እንደወደቀው።»

ወንጌላዊት ከአጠገባቸው ተቀመጠች። «ሰውአገኝ ያን ጊዜ ምን አለ?»

«'እኔ ሳልደርስ ብቻውን ጀምሮ ነው' አለ። በሬሳው ፊት ቆሞ፣ መቼም አልረሳውም፣ 'ብቻህን አትጫን ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም' እያለ ደረቱን ሲደቃ ሁላችንንም አስለቀሰን። ነጋ ነው ያቀፈው። 'የእግዜር ቁጣ ነው፣ አበልጄ፤ ሰው የለበትም' ብሎ።» ቄሱ መቋሚያቸውን አመቻቹ። «ከዚያ ወዲያ ሰውአገኝ ማንንም ሰው ወደ ማሽኑ አላስጠጋም። ያችን የምትጎተት ታኮ የሠራት ያን ጊዜ ነው። ለብቻው ይጭናል፣ ለብቻው ያወርዳል። ነጋም ሁልጊዜ ከአጥሩ ላይ ተቀምጦ ያየው ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አባት ነው፤ ሐዘኑ አልለቅ ብሎት ነው አልን።»

*

የሳልስቱ ጸሎት ሲያልቅ ወንጌላዊት የቤተሰቡን ሰዎችና ቄሱን ወደ አውድማው ወሰደቻቸው። ማሩም ተጠርቶ መጣ፤ ጠመንጃውን ለኮንስታብሉ ሲያስረክብ እንደ ጥርስ ነቀላ ከብዶት ነበር። አስናቀውም የራሱን አስረከበ። ሁለቱ ሲተያዩ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ማሽኑ በዊንቹ ተስቦ ከሳንቃው እኩሌታ ላይ ቆሟል፤ ምላሲቱ ይዛዋለች። በሳንቃው ላይ ገለባ ተነስንሷል። ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ኪዳነወልድ ከጎማዎቹ ኋላ ጎንበስ ብሎ የሠራውን ማንም ልብ አላለም።

«ሰው ሁሉ ብቻውን ነበር ይላል» ብላ ጀመረች ወንጌላዊት። «እስቲ ብቻዬን ልሁን።» ወደ ተሳቢዋ አፍንጫ ሄዳ የዊንቹን እጀታ ያዘች። «ማሽኑን የምስበው ከዚህ ነው። አሁን ቢያመልጠኝ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ኋላ» አሉ ቄሱ።

«ከእኔ ይርቃል እንጂ ወደ እኔ አይመጣም። ብቻውን የሚጭን ሰው ማሽኑ ቢያመልጠው ማሽኑ ይሰበራል፣ ሳንቃው ይሰበራል፤ እሱ ግን አይሞትም። ሰውአገኝ የሞተው ከኋላ ነው።»

«ዊንቹን ቆልፎ ድንጋይ ሊያደርግ ዞሮስ እንደሆነ?» አለ ነጋ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው አያ ነጋ። ቆልፎ ቢሆን ምላሲቱ ነክሳ ባገኘናት። ተነሥታ ነው ያገኘናት። ይህን ያህል ክብደት ሲስባት በራሷ አትነሣም፤ እጀታውን ወደፊት ገፋ አድርጎ የሚያነሣት እጅ ትፈልጋለች። የሰውአገኝ እጅ ደግሞ የድንጋይ አቧራ እንጂ ግራሶ አልነካውም። ከኋላ ሆኖ ድንጋይ እያስከተለ ነበር። ታኮዎቹ የተሰቀሉትም ለዚህ ነው። እነሱ የብቻ ሰው ታኮዎች ናቸው፤ ያን ቀን ብቻውን አልነበረም።»

«አላልኩም!» አስናቀው ወደ ማሩ ተንደረደረ። ኪዳነወልድ መሐል ገባ።

«ና አስናቀው» አለች ወንጌላዊት። «እጀታውን ያዝልኝ። አያ ማሩ፣ እርስዎ ደግሞ ድንጋዩን ይዘው ከማሽኑ ኋላ ይቁሙ።»

ማሩ ንቅንቅ አላለም።

«ምነው አያ ማሩ? ለትንሽ ጊዜ ነው።»

«አብደሻል?» አለ ማሩ። «ደመኛዬ ከያዘው ሸክም ሥር ልቁም? አንገቴን በቢላዋ ብትቆርጭው አይሻልም?»

ወንጌላዊት ወደ አስናቀው ዞረች።

«ሰምተኸዋል አስናቀው?» አለች። «አባትህ በማኅበር እንኳ ለማሩ ጀርባውን አይሰጥም ነበር። ታዲያ ማሩ ዊንቹን ይዞ፣ እሱ ከሥር ያጎነብሳል? ለእንዲህ ያለው ሥራ አባትህ ነፍሱን በማን እጅ ይሰጣል?»

የአስናቀው ዓይን ከእጀታው ተነሥቶ ሄዶ ሄዶ ነጋ ላይ ቆመ።

«አንተ ከእናትህ ጋር ጎንደር ነበርክ» አለች ወንጌላዊት። «ቄሱ ኪዳን ያደርሱ ነበር። የቀረው አንድ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ያልተላጨውን ጢም ኡኡታው ሳይሰማ የተላጨ ሰው። የሐዘኑ ማብቂያ ቀን መድረሱን ከሁሉ በፊት ያወቀ። በሬሳው ፊትም ሰውአገኝ በፋሲካ ሬሳ ፊት የተናገራትን ቃል፣ ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ መልሶ የተናገራት።»

ይመኙሽ ወደ ባሏ ዞረች። «ነጋ? ምን ትላለች ይችህ ሴት?»

ነጋ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አጠፈው። የደግ ሽማግሌ ፊቱ አብሮ የታጠፈ መሰለ።

«አንቱ በሦስት ቀን አገኙት» አለ። «እኔ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከአጥሩ ላይ ተቀምጬ ሲጭን አየዋለሁ። ሁልጊዜ ከፊት ነው። ብቻውን የሆነ ሰው ከፊት ነው የሚቆም! አንድ ቀን ተገለጠልኝ። ልጄ ከኋላ ነበር የወደቀው። እንግዲያ ከፊት ማን ነበር? ያን ጊዜ ፖሊስ መጥቶ እጀታ የነካ፣ መዳፍ የገለበጠ ነበር ወይ? የድሃ ልጅ ነው፣ አንሸራትቶበት ነው ተብሎ ተቀበረ!»

«ለሕግ መናገር ነበረብዎት።»

«እሱስ ለኔ መናገር አልነበረበትም? አበልጄ አይደለም? አቅፌ ያጽናናሁት እኔ አይደለሁም?» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረረ። «ያን ቀን ማለዳ ሄድኩ። 'ላግዝህ' አልኩት። እምቢ አለ። 'ሙት አታሳፍረኝ፣ እኔ እያለሁ ታኮ ምን ያደርግልሃል፣ ስቀለው' አልኩት። ሰቀለው። ልጄ በወደቀበት፣ ከኋላ፣ ሊያቆመኝ ግን አልቻለም፤ እሱ ዞረ፣ እጀታውን ለኔ ተወልኝ። ካጎነበሰ በኋላ ጠየቅሁት። 'ፋሲካ እዚህ ጋ ነበር የቆመው?' አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አልመለሰም። ዓይኑ ግን ሁሉን መለሰልኝ። ያን ጊዜ ምላሲቱን አነሣኋት።»

ከዚያ ማንም ሳይገምት ሄደ፤ ከሳንቃው ግርጌ፣ ከማሽኑ ኋላ ሄዶ ቆመ። ፊቱን ወደ አስናቀው አቀና።

«ልጄ እዚህ ነበር። አባትህም እዚህ። አንተ ደግሞ እጀታውን ይዘሃል። ምን ትጠብቃለህ? በአባትህ አጥንት አልማልክም?»

«ከዚያ ይውጡ!» ወንጌላዊት ወደ እሱ ሮጠች። «አስናቀው፣ ተው!»

አስናቀው እጀታውን ወደፊት ገፋ አደረገ። ምላሲቱን አነሣት።

ዊንቹ ጮኸ። ያ ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ተወረወረ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ነጋ ዓይኑን አልጨፈነም። ከገለባው ሥር ግን አንዳች ነገር ተንቋቋ፤ ማሽኑ እንደተሸነቆጠ በሬ ዘለል ብሎ ቆመ። ከነጋ ደረት የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። ከጎማዎቹ ሥር፣ በገለባው ተሸፍነው፣ የሰውአገኝ ሁለት ታኮዎች ነክሰው ይዘዋል።

አስናቀው በግራሶ የተለወሰ እጁን አየና ወደ ኢንስፔክተሯ ቀና አለ።

«አዳለጠኝ» አለ።

«አዳለጠኝ አትበል!»

የጮኸችው ሐረገወይን ናት። ነጠላዋ ከራሷ ወድቋል። መጥታ የልጇን መዳፍ ያዘች፤ የባሏን እንደያዘችው ገለበጠችው።

«አባትህም እንዲሁ ነበር ያለኝ። 'ስልኬ ጮኸ፣ ምላሲቱን ሳላወርድ እጀታውን በአንድ እጄ ያዝኩት፣ አዳለጠኝ' አለኝ። እጁ እንዲህ ነበር። እኔ ነኝ በአመድ ያጠብኩለት። 'ብቻውን ነበር እንበል' አለኝ። ደም ይመጣብናል ብዬ፣ አንተን ይበሉብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ዝምታዬ ምን እንደወለደ!»

ይመኙሽ በከሏ እንደተጠቀለለች ቀረበች። አልጮኸችም።

«አርባ ቀን እንባዬን ጠረግሽልኝ» አለች። «በዚያው ባጠብሽበት እጅ።»

ሐረገወይን የልጇን እጅ ለቀቀች።

ወንጌላዊት ከአስናቀው ፊት ቆመች። «እንደገና እጠይቅሃለሁ። ምን ሆነ?»

ጎረምሳው ማሩን አየ፤ ሊገድለው የነበረውን፣ ምንም ያላደረገውን ሰው። ከዚያ የክርስትና አባቱን።

«ለቀቅሁት» አለ። «እንዲሞት ብዬ ለቀቅሁት።»

«ይህን ለዳኛ ትደግመዋለህ።»

«እደግመዋለሁ።»

ነጋ እጁን ለካቴና ዘረጋ። ከማሽኑ ሥር ቆሞ ያልራሰው ዓይኑ አሁን ራሰ። «ይችን አንዲት ቃል» አለ፣ «አባትህ ይችን አንዲት ቃል ሰጥቶኝ ቢሆን…» አልጨረሰውም።

ሁለቱን ወደ መኪናው ሲወስዷቸው ማሩ የወደቀውን የሐረገወይንን ነጠላ አንሥቶ አቀበላት። ኪዳነወልድ ተመልሶ ታኮዎቹን ከጎማው ሥር ሊያወጣ ጎንበስ አለ፤ ገመዳቸውን ጠቅልሎ ወደ ምስማራቸው ሊመልሳቸው።

«ተው» አለችው ወንጌላዊት። «አትስቀላቸው።»